ሞተሬ ጥርሷን ያፋጨችበት ዓመት

ድምፁን መጀመሪያ የሰማሁት እኔ አይደለሁም። ወተት የምረከባቸው አንዲት እናት ናቸው። አዴ እላቸዋለሁ። ቤታቸው ከሱሉልታ ወደ ጫንጮ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። ድሮ በራቸው ላይ ስደርስ ክላክስ አደርግ ነበር። አንድ ጠዋት ክላክስ ሳላደርግ ቢዶናቸውን ይዘው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። “እንዴት አወቁ?” አልኳቸው። “ሞተርህ ጥርሷን እያፋጨች ትመጣ የለ እንዴ፤ ከወንዙ ማዶ ነው የምትሰማው” አሉኝ። ተሳሳቅንና ሄድኩ። ያን ቀን ከመሳቅ ይልቅ ቆሜ ባዳምጥ ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ።

እኔ መካኒክ አይደለሁም። ከሱሉልታ ዙሪያ ካሉ አርቢዎች ወተት እየለቀምኩ ወደ መሰብሰቢያ የማደርስ ሰው ነኝ። ሞተሬ የህንድ ስሪት ነች፣ 150 ሲሲ፣ ባለ አንድ ፒስተን። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ፈቃድ የሌላቸውን ሞተሮች ካገደች ወዲህ እሷን ይዤ ወደ ከተማ አልገባም። ሥራዬ ሁሉ እዚሁ ዳር ላይ ነው። ጭቃ አለ፣ ኮረት አለ፣ ዳገት አለ። ከኋላ ሦስት ባለ 25 ሊትር ቢዶን እጭናለሁ። እኔ ራሴም ቀላል አይደለሁም።

ነገሩ የጀመረው መስከረም ላይ ነው። ሞተሯ ገና 16,000 ኪሎ ሜትር ግድም ነበር የሄደችው። ቆማ ስትሠራ ከታች ቅጭ ቅጭ የሚል ድምፅ አለ። ጠዋት ቀዝቃዛ እያለች ብዙም አይሰማም። ስትሞቅ ይብሳል። አንደኛ ማርሽ አስገብቼ ስነሳ ደግሞ “ኳ!” የሚል ምት እግሬ ሥር ይሰማኛል። ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ለቅቄ መልሼ ስሰጥ ያው “ኳ!” ይደገማል። እኔ ምን አልኩ? “አሮጌ ሆናለች”። በ16,000 ኪሎ ሜትር!

ጥቅምት ላይ ሰፈራችን ያለ ጋራዥ ወሰድኳት። ልጁ ሁለት ሦስቴ ነዳጅ ሰጠ፣ አንገቱን ዘንበል አደረገ፣ ከዚያ “ብራዘር፣ ይሄ የታይሚንግ ካቴና ነው” አለኝ። ኢንጂኑ ውስጥ ያለውን፣ ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰውን ሰንሰለት ማለቱ ነው። ምንም ሳልጠይቅ እሺ አልኩ። ካቴናውም መወጠሪያውም ተቀየረ። አስነሳናት። ቅጭ ቅጭ። ልጁ “ሲለማመድ ይጠፋል” አለ። አዲስ ካቴና ሲለማመድ ድምፅ ይጠፋል የሚል ነገር እስከ ዛሬ ከሌላ ሰው ሰምቼ አላውቅም። በሰዓቱ ግን አምኜው ነበር፤ ገንዘቡን ከፍዬ ጨርሻለሁና ሌላ ምን አማራጭ አለኝ።

ቀጥሎ አንድ ጓደኛዬ ዘይት ውስጥ የሚጨመር ወፍራም መድኃኒት መከረኝ። ጠርሙሱ ላይ የኢንጂን ድምፅ ያጠፋል የሚል አለበት። ለመኪና የተሠራ ነው። ሞተር ላይ የሚያስከትለውን አላወቅኩም። ጨመርኩት። እውነቱን ለመናገር ድምፁ ለሁለት ቀን ቀነሰ። በሦስተኛው ቀን ቢዶኖቹን ጭኜ ዳገት ስጀምር ኢንጂኑ ይጮኻል፣ ሞተሯ ግን አትሄድም። ፍሪሲዮኑ፣ ማለትም የኢንጂኑን ጉልበት ከማርሹ ጋር የሚያገናኘውና የሚያቋርጠው ክፍል፣ መንሸራተት ጀምሯል።

እዚህ ጋ ቆም በሉልኝ። የአብዛኛው ሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን የሚሠራው ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው። ኢንጂኑም፣ ካምቢዮውም (የማርሹ ሳጥን)፣ ፍሪሲዮኑም ያንኑ አንድ ሊትር ዘይት ይጋራሉ። የመኪና ፍሪሲዮን ደረቅ ስለሆነ ለመኪና በሚሠራ ዘይትና መድኃኒት ውስጥ የሚያንሸራትት ነገር መግባቱ ችግር የለውም። ለሞተር ግን ያ ነገር በቀጥታ ፍሪሲዮኑን ያንሸራትታል። ስለዚህ ስትገዙ ጠርሙሱ ላይ ጃሶ ኤምኤ ወይም ኤምኤ2 (JASO MA፣ MA2) የሚል ፈልጉ። ዘይት ውስጥ ለሚሠራ ፍሪሲዮን የተፈተነ ማለት ነው። እሱ ከሌለ በርካሽ ቢያገኙትም ይለፋችሁ። እኔ ዘይቱን ሁለት ጊዜ ቀይሬም የፍሪሲዮን ዲስኮቹ አልዳኑም።

ሦስተኛው ስህተት የራሴ ፈጠራ ነው። “ኳ!” የሚለው የኋላውን ጎማ የሚያዞረው የውጭ ካቴና ስለላላ ነው ብዬ አሰብኩና እንደ ክራር ገመድ ወጠርኩት። ድምፁ አልጠፋም፤ በተጨማሪ የጎማ ዋይታ የሚመስል ነገር መጣ። በጣም የተወጠረ ካቴና የካምቢዮውን መውጫ ኩሽኔታ እየጎተተ ይበላዋል። ሰው ሲቀመጥባትና ጭነት ሲጫን የኋላው ተሽከርካሪ ወደ ላይ ስለሚሄድ ደግሞ ውጥረቱ ይብሳል። ባዶ ሞተር ላይ ደህና የሚመስል ካቴና ሦስት ቢዶን ሲጫንበት ሊበጠስ እንደደረሰ ገመድ ይሆናል። ለኔ ሞተር መጽሐፏ የሚለው ከ25 እስከ 35 ሚሊ ሜትር እንዲወዛወዝ ነው። የናንተን መጽሐፍ እዩ፤ የጎረቤትን ምክር ሳይሆን።

ኅዳር አጋማሽ ላይ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ሄድኩ። ጋሼ እለዋለሁ፤ ሁሉም እንደዚያው ነው የሚጠራው። ጋራዥ የለውም። ከቤቱ ጀርባ ቆርቆሮ ጥላ፣ አንድ ሞርሳ፣ አንድ የእንጨት ሳጥን ዕቃ፤ በቃ። ሞተሯን ሳያይ የጠየቀኝ ጥያቄ “ድምፁ ስትሞቅ ነው ስትቀዘቅዝ?” የሚል ነበር። ማንም ይህን ጠይቆኝ አያውቅም። “ስትሞቅ” አልኩት። ራሱን ነቀነቀ።

ከዚያ ረጅም ካቻቢቴ አወጣ። ጫፉን ኢንጂኑ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ እንደ ሐኪም ያዳምጥ ጀመር። መጀመሪያ ከላይ፣ ታይሚንግ ካቴናው በሚያልፍበት በኩል። ቀጥሎ በቀኝ፣ የፍሪሲዮኑ ክዳን ላይ። ከዚያ ለኔ ሰጠኝ። “ስማ” አለኝ። ከላይ ሹክሹክታ ነው። በቀኝ በኩል ግን አንድ ሰው ብረት ድስት ውስጥ ለውዝ የሚያምስ ነበር የሚመስለው። “አሁን ፍሪሲዮኑን ጨብጥ።” ጨበጥኩ። ድምፁ ተለወጠ። “ሚኒሞውን ከፍ አድርገው።” ሚኒሞ ማለት ነዳጅ ሳትሰጡ ቆማ የምትዞርበት ዙር ነው። ትንሽ ከፍ ሳደርገው ቅጭ ቅጩ ጠፋ። ዝቅ ሳደርገው ተመለሰ።

“አየህ፣ ታይሚንግ ካቴና ስለ ፍሪሲዮን ምን አገባው?” አለኝ። በነፃ የሚሠራ ፈተና ነው፤ ክፍያ የለውም፤ አንድም ዳዶ አይፈታም። ፍንጭ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም፣ ግን እኔ ይህን ሁለት ደቂቃ ባጠፋ ኖሮ ታይሚንግ ካቴናዬ ዛሬም ድረስ የድሮው ይሆን ነበር።

አሁን ትንሽ ስለ አሠራሩ ላውራችሁ፤ ይህን ሳታውቁ የሚቀጥለው አይገባችሁም። ባለ አንድ ፒስተን ኢንጂን ኃይል የሚሰጠው ያለማቋረጥ አይደለም። የኔ ዓይነቷ ሞተር በሁለት ዙር አንዴ ነው የምትመታው። በደቂቃ 3,000 ዙር ስትዞር በሰከንድ 25 ጊዜ ትመታለች ማለት ነው። በምቶቹ መካከል ደግሞ ፒስተኑ አየር እየጨመቀ ዙሩን መልሶ ያንቀዋል። ይህ ምት ከኢንጂኑ ዘንግ ላይ ካለው ትንሽ ጊር ወደ ፍሪሲዮኑ ቤት ትልቅ ጊር ይተላለፋል። በቀጥታ ብረት ለብረት ቢተላለፍ ጥርሶቹ እየተደባደቡ ያልቃሉ። ስለዚህ በትልቁ ጊርና በፍሪሲዮኑ ቤት መካከል ትንንሽ ጠንካራ ሞላዎች ይቀመጣሉ። በአንዳንዱ ሞተር ላይ በሞላ ፈንታ ጎማ ነው። ምቱን የሚውጡት እነሱ ናቸው። በትልልቆቹ የአሜሪካ ሞተሮች፣ ለምሳሌ ሃርሊ ዴቪድሰን ላይ፣ ይህንን ሥራ የሚሠራው ኢንጂኑ ዘንግ ጫፍ ላይ ያለ ኮምፔንሴተር የሚባል ዕቃ ነው። ቅርፁ ሌላ ቢሆንም ሐሳቡ አንድ ነው፦ ምት የሚበላ ሞላ።

ጋሼ ዘይቱን አፍስሶ፣ ክዳኑን ከፍቶ፣ የፍሪሲዮኑን ቤት በሁለት እጁ ያዘ። አንዱ እጁ ጊሩን፣ ሌላው ቤቱን። ወዲያና ወዲህ አዞረው። ይንቀሳቀሳል፤ ያለ ምንም ተቃውሞ። ሞላዎቹ በቤታቸው ውስጥ በጣት ይሽከረከራሉ። አዲስ ሲሆኑ በጣት ንቅንቅ አይሉም። የተቀመጡበት መስኮት ጫፉ ተበልቶ ሰፍቷል። የፈሰሰውን ዘይት ማግኔት አስገባበት፤ ሲያወጣው ጢም አብቅሏል። እንግዲህ ማግኔት የሚይዘው ብረት ብቻ ነው። የሚያብለጨልጭ ሆኖ ማግኔት የማይይዘው አብዛኛውን ጊዜ አልሙኒየም ነው፣ እሱም የሌላ ነገር ምልክት ነው። ዘይት ስታስቀይሩ ይህን ማየት ልማድ አድርጉት። ከአሮጌ ራዲዮ ስፒከር ላይ የተነቀለ ማግኔት በቂ ነው።

ጋሼ “ሙሉ ቤቱ ይቀየር” አለ። ዋጋውን አጣርቼ ስመለስ ፊቴ ጠቁሯል። ገና እየመጣ ነው፣ ጾሙ ሲፈታ የወተት ገበያ ጥሩ ነው፣ ሞተሯን ማቆም አልችልም። እና አራተኛውን፣ ትልቁን ስህተት ሠራሁ።

ሌላ ጋራዥ “እንሠራዋለን፣ አዲስ ለምን ትገዛለህ” አሉኝ። ሪቬቶቹን በዲሪል አወጡ። በሞላዎቹ ጫፍ ቀጭን ላሜራ ቆርጠው ወተፉ። ሪቬት መልሰው መቱበት፣ እንዳይፈታ ደግሞ በብየዳ ነካ ነካ አደረጉት። ሲነሳ ድምፁ ጥፍት! እኔ ደስታ በደስታ። ጋሼን እንኳን “ይሄው፣ ያለ ወጪ” ልለው አስቤ ነበር። እግዚአብሔር ይስጠው በዚያን ቀን ከቤቱ አልነበረም።

ለጥምቀት ሦስት ቀን ሲቀረው ዳገት ላይ “ቀጭ!” አለችና ከውስጥ አፋጨች። ወዲያው አጠፋኋት። ወተቱን በሰው ባጃጅ ልኬ እሷን ገፍቼ ጋሼ ቤት ደረስኩ። ሲከፈት የብየዳው ሙቀት ሞላዎቹን አለስልሷቸዋል፣ ላሜራው ተሰባብሯል፣ አንዷ የሪቬት ራስ ተቆርጣ በሁለቱ ጊሮች መካከል አልፋለች። ትንሹ ጊር ላይ ሁለት ጥርስ ጫፉ ተሸርፏል። በነበረው ጉዳት ላይ ሌላ ጉዳት ተጨመረ።

ይህን የምለው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። የኛ ሰው እጅ ብዙ ነገር ያድናል፤ የተሰበረ ፔዳል ይበየዳል፣ የተቀደደ ኮርቻ ይሰፋል። ግን በደቂቃ ሺህ ጊዜ የሚዞር፣ ሞላ ያለበት ነገር ላይ ብየዳ አታስነኩ። ሞላ ጥንካሬውን ያገኘው በሙቀት ተለክቶ ነው፤ በሙቀት ይጠፋበታል።

ሁዳዴ ገባ። የወተት ሥራ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ በጾም ከተማው ወተት አይጠጣም፣ መሰብሰቢያዎቹ የሚቀበሉት ይቀንሳል፣ ዋጋውም ይወርዳል። ለኔ ግን ሞተሯን አቁሞ የማሠሪያ ጊዜ ሆነልኝ። ጋሼ ዕቃ ከመግዛቴ በፊት አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። “ይሄ ዕቃ ብዙ ዓመት የሚኖር ነው። ያንተ በ16,000 ለምን አለቀ?”

መልስ አልነበረኝም። እውነቴን ነው፣ ለአምስት ወር ምን ተበላሸ እያልኩ ስሮጥ ለምን ተበላሸ ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኩም።

ሞተሯን በመሐል እግሯ አቆማት፣ ማርሽ አስገባ፣ የኋላውን ጎማ ይዞ ወዲያና ወዲህ አወዛወዘው። ጎማው ይሄዳል፤ ኮሮናው፣ ካቴናው የሚያዞረው ባለ ጥርስ ክብ ብረት፣ ግን ቆሟል። ጣት በሚያክል ክፍተት ይሄዳል። “ፍታው” አለኝ። ጎማውን ፈትተን ኮሮናውን ስናነሳ ከሥሩ መቀመጥ የነበረባቸው ትንንሽ የላስቲክ ጎማዎች የሉም። ማለቴ አሉ፣ ግን እንደ በሶ ሆነዋል። በእጄ አፍሼ ነው ያወጣሁት።

ነገሩ ይህ ነው። ሞተር ሁለት ቦታ ምት መብያ አላት። አንዱ ፍሪሲዮኑ ቤት ያሉት ሞላዎች ናቸው። ሁለተኛው የኋላ ተሽከርካሪው ውስጥ፣ ኮሮናው ሥር ያሉት ጎማዎች። ሸክሙን ይካፈላሉ። አንዱ ሲሞት ሌላው የሁለት ሰው ሥራ ይሠራል። የኔ የኋላ ጎማዎች ከሞቱ ቆይተዋል፤ ሞላዎቹ ብቻቸውን ሲታገሉ ኖረው ነው ያለቁት። አዲሱን የፍሪሲዮን ቤት ያን ጊዜ ገዝቼ ብገጥም ኖሮ እሱንም በዓመቱ እበላው ነበር።

ጎማዎቹን ማን ገደላቸው? እኔ። ካቴናዬን በየሳምንቱ በናፍጣ ነበር የማጥበው። ንጽሕና እወዳለሁ፤ በጣሳ እያደረግኩ ከላይ አፈስበታለሁ። ናፍጣው ኮሮናው ሥር እየገባ ጎማውን ሲያሳብጠውና ሲያበሰብሰው ከርሟል። ናፍጣና ጎማ አይዋደዱም። አሁን ጨርቅ ነከር አድርጌ ካቴናውን ብቻ እጠርጋለሁ፤ ተሽከርካሪው መሐል ጠብታ እንዲደርስ አልፈቅድም። ከዚያ ወፍራም የካምቢዮ ዘይት በውስጠኛው በኩል ትንሽ ትንሽ እቀባለሁ፣ ትርፉን እጠርጋለሁ።

ጋሼ አላበቃም። “ሚኒሞህን ማን ዝቅ አደረገው?” አለኝ። እሱም እኔ ነኝ። ነዳጅ ይቆጥባል ብዬ በደቂቃ ወደ 900 ዙር አውርጄው ነበር፤ ልትጠፋ ስትል እንዳትጠፋ እየለመንኳት። መጽሐፏ 1,400 ይላል። ዙሩ በጣም ሲወርድ በአንዱ ምትና በሚቀጥለው መካከል ያለው ጊዜ ይረዝማል፣ ዙሩ ይንቀጠቀጣል፣ ጥርሶቹ ወደፊትና ወደኋላ ይጋጫሉ። ያ ቅጭ ቅጭ የዚህ ድምፅ ነው።

“ዳገቱንስ በስንተኛ ነው የምትወጣው?” አለኝ። “በአራተኛ፣ ሲመች በአምስተኛ” አልኩ በኩራት። ዝም ብሎ አየኝ። ነዳጅ ቆጣቢ ነኝ ባይ ነበርኩ፤ በትልቅ ማርሽ፣ በትንሽ ዙር፣ ነዳጅ እስከ ጥግ ከፍቼ፣ ሞተሯ ዱግ ዱግ ዱግ እያለች። እያንዳንዷ ዱግ በሞላዎቹ ላይ መዶሻ ናት። በዚያ ላይ የኛ አገር ከፍታ አለ። እዚህ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ነን። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር ከሩብ ያላነሰ ጉልበቷን ታጣለች። ቆላ ላይ በአራተኛ የሚወጣውን ዳገት እኛ በሦስተኛ፣ ጭነት ካለ በሁለተኛ መውጣት አለብን። ውርደት አይደለም። ጆሯችሁን ስጧት፤ ዱግ ዱግ ካለች አንድ ማርሽ አውርዱላት።

አዲስ አበባ ወዳለው የመለዋወጫ ገበያ፣ ወደ ሱማሌ ተራ፣ የሄድኩት በታክሲ ነው፤ አሮጌውን ዕቃ በፌስታል ይዤ። ይህን ሳትረሱ፦ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። ሞዴሉ አንድ ሆኖ የጥርሱ ቁጥር የሚለያይ አለ። ጥርሱን ቆጠርኩ፣ ስፋቱን አስተያየሁ፣ መሐሉን ለካሁ። የመጀመሪያው ሱቅ ያሳየኝ ርካሽ ነበር፣ ሞላዎቹን በጣቴ ሳዞራቸው ግን ዞሩ። ገና ከካርቶኑ ሳይወጣ! አመስግኜ መለስኩ። ሦስተኛው ሱቅ ያገኘሁት ቤቱን በሁለት እጅ ይዤ ስጠመዝዘው ንቅንቅ አላለም፤ ሪቬቶቹም እኩል የተመቱ ናቸው። ዋጋው የሁለት ሳምንት ወተት ነው። ትንሹን ጊርም አብሬ ገዛሁ። የተሸረፈ ጥርስ ባይኖረው እንኳ አሮጌ ጊር ከአዲስ ጋር ሲገጥም ይጮኻል፣ አዲሱንም ይበላዋል፤ አብረው ያረጁ አብረው ነው የሚቀየሩት። የኋላዎቹን ጎማዎች፣ የፍሪሲዮን ዲስኮች፣ የክዳኑን ጓርኒሲዮን (ዘይት እንዳያልፍ መሐል የሚገባውን ስስ ንጣፍ) ጨመርኩ። ጎማዎቹ ከሁሉ ርካሽ ነበሩ። ይህ ነው ያናደደኝ። ከዓመት በፊት እነሱን ብቻ ብቀይር ኖሮ ሌላው ሁሉ አይመጣም ነበር።

መንገድ ላይ ሆናችሁ ኮሮናው ሥር ያሉት ጎማዎች ካለቁባችሁና አዲስ ካላገኛችሁ ከአሮጌ ካላማዳሪ ቆርጦ መወተፍ ይቻላል። ቤት ያደርሳችኋል። ከዚያ በላይ ግን አትመኑት።

ስንገጥም ጋሼ እኔን ነው ያሠራኝ፤ እሱ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ቡና እየጠጣ። ዳዶዎቹን ለመፍታት ካቻቢቴ በጊሮቹ ጥርስ መካከል ልሰካ ስል “እጅህን!” ብሎ ጮኸብኝ። ጥርስ የሚሸርፈው ይህ ነው። ለስላሳ የመዳብ ቁራጭ ሰጠኝና እሱን በጊሮቹ መካከል አደረግን። ከመፍታታችን በፊት የታጠፈውን መቆለፊያ ሮንዴላ አቀናን። እና አንድ ነገር፦ በአንዳንድ ሞተር ላይ የዘንጉ ዳዶ ተገላቢጦሽ ነው የሚፈታው። አልፈታ ካላችሁ ቧንቧ ከማስረዘማችሁ በፊት አቅጣጫውን አጣሩ። የክዳኑን አሮጌ ጓርኒሲዮን በካቻቢቴ አትፋቁ፤ አልሙኒየሙ ይጫርና ዘይት ያልባችኋል። በጠንካራ ፕላስቲክ ጠርዝ፣ በትዕግሥት። እኔ ሙሉ ከሰዓት ፈጅቶብኛል።

አዲሶቹን ዲስኮች ሌሊቱን ዘይት ውስጥ ነክረን አሳደርናቸው። ደረቅ ዲስክ ገጥሞ ማስነሳት ገና ከመጀመሪያው ሊያቃጥለው ይችላል። ዳዶዎቹን ስናጠብቅ ጋሼ የቶርክ ቁልፍ ከጎረቤት አስመጣ። “አንተ እጅህን አታምንም እንዴ?” ስለው “እጄ ሰባ ዓመቷ ነው” አለኝ።

ስትነሳ ምንም አልተሰማኝም። ደንግጬ የጠፋች ነበር የመሰለኝ። ጋሼ ካቻቢቴውን ወደ ጆሮው አደረገ፣ ከዚያ ለኔ ሰጠኝ። ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ከሩቅ ሲወርድ የሚመስል ለስለስ ያለ ድምፅ ብቻ።

የመጀመሪያውን ዘይት በ500 ኪሎ ሜትር አፈሰስኩት። ማግኔቱ ላይ ትንሽ ግራጫ ዱቄት ነበር፤ አዲስ ጊር ሲላመድ ያለ ነው፣ ሽራፊ ግን አልነበረም። አሁን በየ2,000 ኪሎ ሜትር ነው የምቀይረው። ቢዶኑን ወደ ሁለት አወረድኩ፤ ሦስተኛውን በሁለተኛ ጉዞ አመጣለሁ። ለነዳጅ ትንሽ ጨመረብኝ። ባለቤቴ አስልታ ነገረችኝ፣ ባለፈው ዓመት ለጋራዥ የከፈልኩትን ለመድረስ በዚህ አካሄድ ስድስት ዓመት ይፈጅብኛል። በወር አንዴ ደግሞ በመሐል እግሯ አቁሜ፣ ማርሽ አስገብቼ፣ የኋላውን ጎማ አወዛውዛለሁ። ትንሽ እንደ ስፖንጅ ገፋ መለስ ካለ ደህና ነው። ነፃ ሆኖ ከሄደና “ኳ” ካለ ጎማዎቹ ሊቀየሩ ነው።

ከጥገናው በኋላ 9,000 ኪሎ ሜትር ሄጃለሁ። ጠዋት ጠዋት በብርድ ለአንድ ደቂቃ ያህል ቀጭን ድምፅ አለቻት፤ ስትሞቅ ትጠፋለች። ጋሼ “እሷን ተዋት፣ መነጋገሯ ነው” ብሎኛል። አዴ ቤት ስደርስ ክላክስ ማድረግ ጀምሬያለሁ። ባለፈው ሳምንት ረስቼ ዝም ብዬ ብቆም ሩብ ሰዓት በር ላይ ጠበቅኳቸው።